ማኅተም በእንተ ማኅተም

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ልደትና ጋብቻ ሞትም ጭምር በክብር መዝገብ እንዲጻፉ በብዙ አናቅጽ ከደነገገ በኋላ፣ በፍጻሜው አካባቢ በቁጥር 3361 ላይ፣ በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ነገሩ ይቆይ ብሎ አሳረፈው። ምዝገባው በመላ ሀገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በመካከሉ ቡታጅራ ላይ የተወለድን ሰዎች፣ አድገን፣ አግብተን፣ አንዳንዶቻችንም የልጅ ልጅ አይተን ሳለን፣ በሕግ ፊት ገና ለመወለድ ተራ ስንጠብቅ ኖርን ማለት ነው።

ሰው በአገሩ እስካለ ድረስ ይህ ምንም አያጎድልበትም፤ መወለዱን ጎረቤት ያውቃል። መከራው የሚመጣው ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ፣ «ጋሼ፣ የልደት ማስረጃዬን አረጋግጠው ይላኩልኝ» ብሎ የደወለ ዕለት ነው። እኔም የእህቴ ልጅ በኤምባሲያችን ያጸደቀውን ውክልና ይዤ ተነሣሁ፤ ለካ ውክልናው ራሱ አስቀድሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በውልና ማስረጃ መረጋገጥ ነበረበት።

ቀበሌ የሰጠውን ክልል፣ የክልሉን ፊርማ የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የዚያን ማኅተም ውጭ ጉዳይ፣ የውጭ ጉዳይን ደግሞ የባዕድ አገር ኤምባሲ ያረጋግጣል። ልብ ብሎ ለተመለከተ፣ ከመጀመሪያው መስኮት በቀር ልጁ መወለድ አለመወለዱን የሚጠይቅ የለም፤ በማቴዎስ ወንጌል መጀመሪያ እንደምናነበው የትውልድ ሐረግ፣ ማኅተም ማኅተምን እየወለደ ይወርዳል። መስከረም 25 ቀን 1954 ዓ.ም. በሄግ የተፈረመው ስምምነት ይህን ሁሉ አፖስቲል በሚባል አንድ ምስክር ወረቀት ተክቶት ነበር፤ እኔ ስንከራተት ግን አገራችን ከተስማሚዎቹ አልነበረችም።

የቡታጅራ ሰው ደግሞ የተለየ ዕዳ አለበት። ከተማችን ከዘቢዳር ተራራ ሥር አንድ ክንድ ሳትነቃነቅ፣ ቀድሞ በሸዋ በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ፣ በኋላ በደቡብ ክልል፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተቆጥራለች። ስለዚህ አንዱ መስኮት ላይ የተቀመጠው ወጣት ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣

«አባቴ፣ ይህ ማኅተም የፈረሰ ክልል ነው» አለኝ።

«ልጄ፣ ልጁ የተወለደው ሳይፈርስ ነው።»

«እንግዲያው አዲሱ ክልል ስለ አሮጌው ይጻፍልን።»

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው መንገድ ባዶ እጄን ስመለስ፣ ጥያ ላይ የድንጋይ ሐውልቶቹን አሰብኩ። ሰይፍና ልዩ ልዩ ምልክት ተቀርጾባቸዋል፤ ምልክቱ ምን እንደሚል በርግጥ ያነበበ ሳይገኝ፣ ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው። ከቀበሌ ምስክር አቅርቡ ያላቸው አልነበረም፤ እንዲያው ቀናሁባቸው።

ወረቀቱ በስተ መጨረሻው ማኅተሙን ሁሉ ተሸክሞ ባሕሩን ተሻገረ። የእህቴ ልጅ በስልክ እንደ ነገረኝ፣ የዚያ አገር ጸሐፊ የመረመረው የመጨረሻውን ማኅተም ብቻ ነው።