መኪና የወረቀት ተረፈ ምርት ስለመሆኑ

የዚህ ጥናት መነሻ ሐሳብ አጭር ነው። መኪና የሚባለው ዕቃ የወረቀት ተረፈ ምርት ነው። አብዛኛው ሰው ነገሩን ገልብጦ ያስባል፤ መጀመሪያ ብረቱ ተሠራ፣ ከዚያ ብሮሹሩ ታተመ፣ በመጨረሻም አንድ ጡረተኛ ብሮሹሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተው ይላል። ስሕተት ነው። የአገራችን አሽከርካሪ እንኳ ሊብሬ የሌለው መኪና ብረት ብቻ እንደሆነ፣ መኪና የሌለው ሊብሬ ግን ያው ሰነድ እንደሆነ ከትራፊክ ፖሊስ ተምሯል። የቀረው ነገሩን በማስረጃ ማጽናት ነበር፤ እሱን እዚህ እንፈጽማለን። (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወረቀቶቹም የዚያው አገር ናቸው።)

የመኪናና የሞተር ወረቀት ከሚሰበስቡ ሰዎች የመጀመሪያው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ጥናቱ ዊልያም ቶምሰንን፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለውን ሳይንቲስት ያቀርባል። ሳዲ ካርኖ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1824 ስለ እሳት አንቀሳቃሽ ኃይል የጻፈውን ቀጭን መጽሐፍ በራሱ ወጪ 600 ቅጂ አሳተመ። ልብ ያለው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ደራሲው በ1832 በ36 ዓመቱ በኮሌራ ሞተ። ቶምሰን ግን የመጽሐፉን ወሬ ከሌላ ጽሑፍ አንብቦ ነበርና በ1845 ፓሪስ ሲገባ የመጻሕፍት መደብሮችን አንድ በአንድ ማሰስ ያዘ። ሻጮቹ ደራሲውን አያውቁትም። ካርኖ ሲላቸው የሟቹን ወንድም የኢፖሊትን ጽሑፍ ያመጡለታል፤ እሱ ስለ ማኅበራዊ ጉዳይ የሚጽፍ ፖለቲከኛ ነበር። ቶምሰን መጽሐፉን በእጁ ያስገባው በ1848 ነው፤ ያውም ከፓሪስ ሳይሆን እዚያው ከሚሠራበት ከግላስጎው፣ ከመሐንዲሱ ከሉዊስ ጎርደን።

የሰብሳቢ ምልክቶች እዚህ ተሟልተዋል። የሚፈለገውን መጽሐፍ ሻጩ አያውቀውም፤ በምትኩ ስሙ የሚመስል ሌላ ዕቃ ይዞ ይቀርባል፤ ባሕር ተሻግሮ የታጣው ነገር ጎረቤት ይገኛል። ቶምሰን አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት። መጽሐፉን ሲያገኘው አነበበው። ከዚህም የተነሣ ከሰብሳቢነት መሥመር ወጥቶ የሙቀትን ሳይንስ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሆኖ ቀርቷል።

ወረቀት ከብረት መቅደሙን ፍርድ ቤትም አረጋግጦታል። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 ባለ አራት ምት ሞተር ሠራ። የሚስብ፣ የሚጨምቅ፣ የሚያቀጣጥል፣ ጭሱን የሚያስወጣ፤ ዛሬም በየመንገዱ የሚጮኸው የዚያ ሞተር ዘር ነው። ኦቶ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፣ ፋብሪካውም ተስፋፋ። ይሁንና አልፎንስ ቦ ደ ሮሻ የተባለ ፈረንሳዊ በ1862 እነዚያኑ አራት ምቶች በአንዲት ትንሽ ጽሑፍ ላይ ዘርዝሯቸው ኖሯል። ሞተር አልሠራም። ብሎን አላጠበቀም። ለመብቱ የሚከፈለውን ገንዘብ እንኳ በወቅቱ አልከፈለም። ጽሑፏም አንባቢ አጥታ ዓመታት ኖረች። የኦቶ ተፎካካሪዎች ካለችበት ፈልገው አወጧትና ለችሎት አቀረቧት። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በጥር 30 ቀን 1886 የኦቶን ዋና መብት ሻረ። ብረት የሠራው ተረታ፤ ወረቀት የጻፈው ረታ። በዋዜማው፣ በጥር 29፣ ካርል ቤንዝ የሚባል ሰው ለባለ ሦስት እግር መኪናው የመብት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። መኪና የተወለደበት ቀን ተብሎ እስከ ዛሬ የሚከበረው ይኸው ቀን ነው። ልብ እንበል፤ መኪናው የተነሣበት ቀን አይደለም፣ ማመልከቻው መዝገብ ቤት የገባበት ቀን ነው።

ናፍጣ የሚጠጣው ሞተርም ከዚህ ሥርዓት አልወጣም። ሩዶልፍ ዲዝል ስለ ሞተሩ ንድፈ ሐሳብና አሠራር የሚያትተውን መጽሐፍ በ1893 በርሊን ውስጥ አሳተመ። ሞተር አልነበረም። በዚያው ዓመት ነሐሴ አውግስቡርግ ላይ የመጀመሪያው ሙከራ ሲደረግ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚለካው መሣሪያ ፈነዳ። በይፋ የተመሰከረለት ሞተር በ1897 ቆሞ ሲታይ መጽሐፉ ካለው በብዙ ነገር ይለያል፤ ዲዝል በየሙከራው ሐሳቡን እያሻሻለ ሄዶ ነበር። ሰብሳቢዎች የሚሹት የ1893ቱን ነው፤ ያልሠራውን።

ወደ ብሮሹሮች እንለፍ። ይህ ክፍል ሰፊ ነው፣ ጥናቱም እዚህ ላይ አይቸኩልም።

ብሮሹር ከመኪናው ነጻ መውጣት የጀመረው ገና በማለዳው ነው። ኤድዋርድ ጆኤል ፔኒንግተን የተባለ አሜሪካዊ በ1890ዎቹ ለሞተር ብስክሌቱ ባሠራው ማስታወቂያ ላይ ብስክሌቱ ነጂውን እንደያዘ በወንዝ ላይ ሲዘል ይታያል። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፤ ውኃው ይፈስሳል፣ ነጂው ረጋ ብሏል። ብስክሌቱ ራሱ በደረቅ መንገድ ላይ እንኳ ለመሄድ ያንገራግር ነበር። ፔኒንግተን ፈጠራዎቹን እንግሊዝ አገር ወስዶ ለሃሪ ሎውሰን ሸጠለት። ሎውሰን ደግሞ የተሠሩና ያልተሠሩ መኪኖችን መብት እየገዛ አክሲዮን የሚሸጥ ሰው ነበር፤ በ1904 በማጭበርበር ተፈርዶበት ታሰረ። ያኔ የታተሙት ወረቀቶች ዛሬ ብርቅ ናቸው። ገዝተው የተቃጠሉት ባለ አክሲዮኖች እንደ ማገዶ ባይጠቀሙባቸው ኖሮ ይበልጥ ይገኙ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል፤ ጥናቱ ግን አይገምትም።

ብሮሹር አነባበብ ሙያ ነው። ንባብ ብቻውን አይበቃም፣ ትርጓሜ ይፈልጋል። ለምሳሌ በዘመኑ ብሮሹሮች ዘንድ ተደጋግሞ የሚመጣውን «ዳገት ይወጣል» የሚል ቃል እንመልከት። አንድም፣ ሻጩ የሚያውቀውን ዳገት ይወጣል ሲል ነው። አንድም፣ ተሳፋሪዎቹ ወርደው ከገፉት ይወጣል ሲል ነው። አንድም፣ ይወጣል፤ በየትኛው ጫፉ ቀድሞ እንደሚወጣ ግን አልተናገረም። ሦስተኛው ትርጓሜ የሊቃውንት ጨዋታ እንዳይመስል ታሪኩን እናምጣ። የፎርድ ሞዴል ቲ ቤንዚን ማጠራቀሚያ ከመቀመጫው ሥር ነበር። ፓምፕ የለውም፤ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ የሚሄደው በራሱ ክብደት እየወረደ ነው። ዳገቱ ሲበረታና ቤንዚኑ ሲጎድል ሞተሩ ከማጠራቀሚያው በላይ ይሆናል፣ ቤንዚኑም ሽቅብ አልወጣም ይላል። ስለዚህ ነጂው መኪናውን አዙሮ፣ ጀርባውን ለዳገቱ ሰጥቶ፣ በኋላ ማርሽ ይወጣ ነበር። ብሮሹሩ አልዋሸም።

ከቃል ይልቅ ቁጥር የሚያምን አንባቢ ካለ ወደ ፈረስ ጉልበት እንውሰደው። በእንግሊዝ ከ1910 ጀምሮ የመኪና ግብር በፈረስ ጉልበት ይሰላ ነበር። ቀመሩ የሲሊንደሩን ስፋት በኢንች ይለካል፣ በራሱ ያባዛል፣ በሲሊንደሮቹ ቁጥር ያባዛል፣ ለ2.5 ያካፍላል። ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች ምን ያህል እንደሚጓዝ መንግሥት አልጠየቀም። ያልተጠየቀውን የሚናገር ግብር ከፋይ ደግሞ እዚያም አልተገኘም። መሐንዲሶች ሲሊንደሩን አጥብበው አረዘሙት፤ የእንግሊዝ ሞተር ለብዙ ዓመታት ቀጭንና ረጅም ሆኖ የቀረው በዚህ የተነሣ ነው። ከ1921 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ፈረስ በዓመት 1 ፓውንድ ይከፈል ነበር፤ የብዙ መኪኖች ስም ራሱ በሁለት ቁጥር ይጻፍ ነበር። አልቪስ የተባለው ፋብሪካ 12/50 የሚል መኪና ሸጧል፤ 12ቱ ፈረሶች ለግብር ሰብሳቢው፣ 50ዎቹ ለገዢው ናቸው። ሁለት መዝገብ የያዘ ነጋዴ በሌላ ሥራ ላይ ቢሆን ይከሰሳል። በመኪና ንግድ ግን ሁለቱንም መዝገብ በብሮሹሩ ሽፋን ላይ፣ በትልቁ፣ በወርቅ ቀለም ማተም ይቻል ነበር።

አሜሪካኖች ቁጥሩንም ተውት። ካዲላክ በጥር 1915 በአንድ ታላቅ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ያወጣው ማስታወቂያ ስለ መኪና አንድ ቃል አይናገርም፤ መሪ የሆነ ሰው የቅናተኞችን ሐሜት እንዴት እንደሚቀበል የሚያስረዳ ስብከት ነው። ያኔ አዲሱ የካዲላክ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ቅሬታ ይቀርብበት ነበር። መካኒክ ከመላክ ሰባኪ መላክ ርካሽ መሆኑን ኩባንያው ተረድቷል ማለት ነው። በ1923 ደግሞ ኔድ ጆርዳን «ፕሌይቦይ» ለተባለ መኪናው ያወጣው ማስታወቂያ ስለ አንዲት የገጠር ጉብልና ስለ ፈረስ ግልቢያ ያወጋል። ሞተሩ ስንት ሲሊንደር እንዳለው አይገልጽም፤ ቢገልጽም ሞተሩን የሚሠራለት ሌላ ፋብሪካ ነበር። የጆርዳን ኩባንያ በ1931 ተዘጋ። ማስታወቂያው ግን በማስታወቂያ ሙያ መጻሕፍት ውስጥ ዛሬም ይጠቀሳል።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ወረቀቱን ማን አቆየልን የሚል ነው። መልሱ ለመኪና ሻጮች አያስደስትም። መኪናውን የገዛ ሰው ብሮሹሩ አያስፈልገውም፤ መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ለምን እንዳልነሣ ማሰብ አለበት። ብሮሹሩን ሳያጥፍ፣ ሳያቆሽሽ፣ ከዋጋ ዝርዝሩ ጋር በፖስታው ውስጥ ያኖረው መግዛት ያልቻለው ነው። ንጹሕ ብሮሹር የድህነት ሰነድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጥገና መመሪያ ጉዳይ ሌላ ነው። መመሪያ ላይ የግሪስ ጣት አሻራ ከተገኘ የባለቤትነት ማረጋገጫ ነው፤ አሻራው በማቀጣጠያው ምዕራፍ ላይ ከበዛ የመኪናው የሕክምና ታሪክ ነው። የፎርድ ሞዴል ቲ መመሪያ በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ ስለሆነ ባለ መኪናው እንደ ቆሎ ተማሪ ሊሸመድደው ይችል ነበር። ይሁንና ከ1908 እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ሞዴል ቲ ስለተመረተ የመመሪያው ዋጋ አይሰቀልም። ሰብሳቢ የሚያከብረው ማንም ያልገዛውን መኪና ነው። ጥቂት መኪኖች ሠርቶ የከሰረ ፋብሪካ ለዘርፉ ባለውለታ ነው።

የሰብሳቢዎቹ ታላቅ ጉባኤ በደቡብ እንግሊዝ ሃምፕሻየር፣ ቢውሊ በሚባል መንደር፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ ይደረጋል። የዚህ ገበያ የዘር ሐረግ ጥናቱን ይደግፋል። የመንደሩ ባላባት ጆን ሞንታጉ በ1902 ባለ ሥዕል የመኪና መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ለመጽሔቱ ይሥል የነበረው ቻርልስ ሳይክስ ለሮልስ ሮይስ ካታሎግ ሥዕሎችን ሠራ፤ በ1911ም በመኪናው አፍንጫ ላይ ክንፏን ዘርግታ የምትቆመውን ሐውልት ቀረጸ። የባላባቱ ልጅ ኤድዋርድ በበኩሉ በ1952 በቤቱ መግቢያ አዳራሽ ጥቂት አሮጌ መኪኖች አቁሞ ሙዚየም ከፈተ፣ በ1967ም የመለዋወጫና የወረቀት ገበያውን አቋቋመ። አባት ወረቀት፣ ልጅ ብረት፣ ከዚያ ተመልሶ ወረቀት። እዚያ ሜዳ ላይ ሁለት ነገድ ይታያል። የመጀመሪያው የዛገ ካርቡራተር ተሸክሞ እያላበው ይሄዳል። ሁለተኛው እጁን ታጥቦ፣ መነጽሩን አውርዶ፣ ካርቶን ውስጥ ያሉ ወረቀቶችን በሁለት ጣት ይገላልጣል። ዝናብ ሲጥል ላስቲክ የሚለብሰው የሁለተኛው ዕቃ ነው።

በቅንነት ለመናገር ለጥናቱ አንድ እንቅፋት አለ፤ እሱም ከእኛው አገር የመጣ ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1907 መኪና ይዞ ከአገሩ ተነሥቶ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ዳግማዊ ምኒልክም መኪናውን አይተው ተሳፈሩበት። ክሊፎርድ ሃሌ ስለዚሁ ጉዞ «ወደ ምኒልክ በሞተር መኪና» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለውን መጽሐፍ ለንደን ላይ ያሳተመው በ1913 ነው። ብረቱ ቀድሟል፣ ወረቀቱ ዘግይቷል። ጥናቱ ይህን ማስረጃ በግርጌ ማስታወሻ ሊቀብረው አስቦ ነበር፤ ግርጌ ማስታወሻ ግን አልተፈቀደለትም።

መጽሐፉን ሁለት ዓይነት ሰዎች ያድኑታል። አንደኛው ኢትዮጵያን የሚመለከት ያገኘውን ሁሉ ይገዛል፤ የጎማውና የሞተሩ ወሬ ሲመጣ ገጹን ይዘልለዋል። ሌላው የጥንት መኪና ጉዞዎችን ይሰበስባል፤ እሱ ደግሞ ጎማና ሞተር ከሌለበት ገጽ ላይ አይቆይም፣ ቤተ መንግሥት ሲደረስ ያንቀላፋል። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር በተነበበ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ለሌላው አያውስም።