ይድረስ ለአዋጅ ቁጥር 624/2001፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር የሕንፃ አዋጅ ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ከረመ? እኛ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ፣ ከናፍቆትዎ በስተቀር፣ ደህና ነን። ጡረታ ወጥተውም ይሁን በሥራ ላይ እያሉ ይህ ደብዳቤ ይድረስዎት፤ የአንቀጽ 36ን ውለታ ሳልናገር ማለፍ ነውር ሆኖብኛል።

አንቀጹን በቃሌ ይዤዋለሁ ማለት ይቻላል። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድም ሆነ መራመድ እየቻለ ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው የሚመች መግቢያ ይኑረው ብለዋል። መጸዳጃ ቤቱን እንኳ አልረሱም። በዓመቱ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 676/2002 መጥቶ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ሲያጸድቅ ታናሽ ወንድም አገኙ። ሁለት አዋጅ ቆሞልኝ ሳለ ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ፎቅ ለመውጣት አራት ጎረምሳ መፈለጌ እንግዲህ የእኔ አጉል አመል ነው።

ባለፈው አንድ ቢሮ ጉዳይ ነበረኝ። ስሙን አልጠራም፤ ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ጸሐፊዋ ወርዳ ቅጹን ጭኔ ላይ ዘርግታ ሞላችልኝ። ኃላፊውም ወርዶ ፈረመና «አይዞህ» ብሎ ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ። የቀረው ማህተም ብቻ ሆነ። ማህተም የሚመታው ግን ባለጉዳዩ ራሱ መዝገብ ላይ ሲፈርም ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ከቢሮ አይወጣም፣ መመሪያ ነው። መዝገቡ ደረጃ አይወርድም፣ እኔ ደረጃ አልወጣም። ልዩነታችን፣ የእሱ መመሪያ በሥራ ላይ መዋሉ ነው።

ስለዚህ በር ላይ የቆሙ የባጃጅ ልጆች ተጠሩ። «አንድ፣ ሁለት፣ በሥላሴ!» ብለው ከነወንበሬ አነሡኝ። መታጠፊያው ላይ የአንዱ ስልክ ጮኸ። አነሣው። በአንድ እጁ እኔን፣ በሌላው ስልኩን ይዞ፣ «ትንሽ ዕቃ ይዤ ነው፣ መጣሁ» አለ።

ልጆቹ ብር አልተቀበሉኝም። ቢቀበሉኝ ይሻለኝ ነበር። ራምፑን፣ ያን የወንበር መወጣጫ፣ ከፕላኑ ላይ የሰረዘው ሰው በእነዚህ ልጆች ትከሻ ተማምኖ ይመስለኛል። ስጠይቅ የሚመልሱልኝም ይህንኑ ነው፦ «ምን ቸገረህ፣ ሰው አለ አይደል?» ሰው ስላለ ነው ራምፕ የሌለው። የጎረቤት ደግነት የእርስዎን ሥራ ሸፍኖ እየሠራልዎት ነው፤ ደመወዝ ግን ቆርጠውለት አያውቁም።

ቡሬ የምወርደው በሚኒባስ ነው። ረዳቱ ወንበሬን ጣሪያ ላይ ከጆንያ ጋር አስሮ፣ ከእኔ የሰው፣ ከወንበሩ የጭነት ሒሳብ ይቀበለኛል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዛብህ አገር፣ ማንኩሳን፣ በመስኮት እያየሁ አልፋለሁ። ቡሬ ከ2013 ወዲህ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የዘይት ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ አንድ ሆቴሏ ደግሞ ራምፕ አለው! ሳየው ልቤ ዘለለ። ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ነው ወጉ፤ የዚህኛው ግን የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ነው። የባለቤቱ ሞተር ብቻ ይወጣበታል፣ እሱም በአንደኛ ማርሽ።

የመጸዳጃውን ነገር ለእርስዎ ለሕግ ሰው መዘርዘር ያሳፍራል። ቡሬ በምሄድበት ቀን ከማለዳ ጀምሮ ውኃ አልቀምስም። ዘመድ ቤት ቡና ሲፈላ አቦሉን አፌ ላይ አስነክቼ ቶናውን እመልሳለሁ። «ቡናችንን ናቀ» እየተባልሁ ነው። አንቀጽ 36 ቶናን እንደሚጨምር ለአክስቴ በደብዳቤ ቢገልጹልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ገጠሩን እንኳ አላነሣብዎትም። በዋናነት 10,000ና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች እንደወጡ አውቃለሁ፤ ሐምሌ ላይ ጎማዬን እስከ ወገቡ የሚውጠው ጭቃም የማንም ፊርማ የለበትም። ዝናብ ነው፣ መስከረም ሲጠባ ይለቀኛል። ደረጃው ግን ፕላን ተነድፎለት፣ መሐንዲስ አይቶት፣ በእርስዎ ስም ፈቃድ ወጥቶለት የተሠራ ነው።

ቶኪዮ ላይ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ታጣፊ መወጣጫ ይዞ መጥቶ ባለወንበሩን ያሳፍራል አሉ፤ ከዚያ ወደሚወርድበት ጣቢያ ደውሎ ሌላው ሠራተኛ መወጣጫ ይዞ እንዲጠብቀው ያደርጋል። የቶኪዮ ባለወንበሮች ያሳዝኑኛል። «በሥላሴ!» የሚላቸው እንኳ ሳያገኙ ይወጣሉ፣ ይገባሉ።

አንድ ነገር ላሳስብ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በዚህ አካባቢ የእርስዎ ደንበኛ እየበዛ እንጂ እየቀነሰ አልመጣም። ምክንያቱን ያውቁታል።

ድንገት ወደዚህ ብቅ ካሉ ስለ ደረጃው አይሥጉ። እርስዎ ወረቀት ነዎት፣ አንድ ልጅ ይበቃዎታል።

ከሰላምታ ጋር
ባለወንበሩ፣ ከፍኖተ ሰላም

ግልባጭ፦
ለመዝገቡ፣ ፎቅ ላይ