የኦቦ ሪከቨሪ ፓርቲሽን አጭር የሕይወት ታሪክ

የቅሬያችን አባላት፣ ከሰንበቴና ከባቲ ገበያችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፣ እንዲሁም የሟች የቅርብ ጎረቤት የሆኑት የዲ ድራይቭ ቤተሰቦች፤ አብሽሩ።

ኦቦ ሪከቨሪ ፓርቲሽን ከእናታቸው ከዊንዶውስ 11፣ ባለቤቱ በውል ካልታወቀ ፍላሽ፣ እዚሁ ከሚሴ በደሴ መንገድ ዳር ባለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተወለዱ። ሲወለዱ ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ይመዝኑ ነበር። ማረፊያቸውም በቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሲ ድራይቭ ከቀኝ ጫፉ ተሸርፎ ከዲ በፊት ተሰጣቸው።

እናታቸው ብዙ አልቆዩም። መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። የፎቶ ኮፒ ቤቱ አሮጌ ማሽን ያ ስለሌለው፣ ፍተሻውን በሚያዘልል ፍላሽ ነበር የተጫነው። ከዚያ በኋላ አንድ ማመልከቻ እስኪከፈት ባለጉዳዩ ሻይ ጠጥቶ ይመለስ ጀመር። የቤቱ ባለቤት «የድሮውን መልሱልኝ» አለ። በ10 ቀን ውስጥ ቢል ኖሮ ሴቲንግ ገብቶ «ጎ ባክ» ማለት ይበቃ ነበር፤ ዊንዶውስ ኦልድ የሚባለው ፎልደር አሮጌውን ሥርዓት የሚያቆየው ለዚያን ያህል ቀን ነው። ቀኑ ስላለፈ ቴክኒሻኑ ሲን ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ 10ን እንደ አዲስ ጫነ። ሌላውን አልነካም።

ለምን አልነካም? በዲ ምክንያት። ዲ ውስጥ ፊልሙ፣ መንዙማው፣ የሰው ሁሉ የሠርግ ፎቶ አለ። ከሁሉ በላይ ግን የእንጀራ ጉዳይ አለ። በዚህ ዞን ለዞኑ መሥሪያ ቤት የሚገባው ማመልከቻ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ባሕር ዳር የሚላከው ደግሞ በአማርኛ ይጻፋል። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ የትኛውም ኪቦርድ ይጽፈዋል። አማርኛውን ግን ቤቱ የሚጽፈው በፓወር ግዕዝ ነው፤ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተተየበ ሰነድማ ፎንቱ ከጠፋ ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ሆኖ ይቀራል። ፎንቱም፣ ማስጫኛውም፣ የማመልከቻው ናሙናም ያለው ዲ ላይ ነው። ስለዚህ ቴክኒሻኑ በመጫኛው ገጽ ላይ ስም የሌላቸው ፓርቲሽኖች በቁጥር ተደርድረው ሲያይ፣ ከሲ በቀር ሁሉንም ፈርቶ አለፈ። ሟች የኖሩት በሥራቸው ሳይሆን በዲ ጉርብትና ነው።

ሥራቸውማ ማሽኑ አልነሳ ሲል ማዳን ነበር። ይሁን እንጂ ማዳን የሚያውቁት የሞቱትን እናታቸውን ብቻ ነበር፤ አዲሱ ዊንዶውስ 10 የራሱን ማዳኛ ይዞ ስለመጣ ዞር ብሎም አላያቸው። ታኅሣሥ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ኬቢ5034441 የተባለ ማሻሻያ ሲለቅ፣ በየአገሩ ብዙ ማሽኖች የማዳኛ ክፍላቸው ጠቦ አልጫን አላቸው። 250 ሜጋባይት ጨምሩ የሚል መመሪያም ወጣ። ሰው ለዚያች 250 ሜጋባይት ሲጨነቅ፣ ሟችን የመሰሉ ስንት ኦቦዎች እጥፏን ይዘው ተኝተው ነበር!

አሟሟታቸው ቀላል አልነበረም። ዲስክ ማኔጅመንት ላይ ቀኝ ክሊክ ሲደረግባቸው «ሄልፕ» ከሚል ቃል በቀር ምንም አይወጣም፤ የሚረዳም ነገር የለውም፤ ሐዘን ላይ ብንሆንም ይህን ሳልናገር አላልፍም። በመጀመሪያ ዲ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ተገለበጠ። ቀጥሎ በ«ሪኤጀንትሲ ኢንፎ» ሕያው ማዳኛው የትኛው ፓርቲሽን ላይ እንዳለ ተጣራ፤ ያለዚያ ሟችን ትቶ ቋሚን መቅበር ይመጣል። ከዚያ ዲስክፓርት ተከፈተ፤ ዲስኩ ተመረጠ፣ ፓርቲሽኑ በቁጥሩ ተመረጠ። ዲስክፓርት «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ በአንድ ቁጥር የሳተ ሰው ዲን ይቀብራል። «ዴሊት ፓርቲሽን ኦቨርራይድ» ተባለ፤ ኦቦ ሪከቨሪም በዚያች ቅጽበት አረፉ።

የውርሱን ነገር በተመለከተ ጭቅጭቅ እንዳይነሳ አስቀድመን እንናገር። ዊንዶውስ መሬት የሚያከፋፍለው ለኩታ ገጠም ብቻ ነው፤ ያውም በአንድ ወገን። «ኤክስቴንድ ቮልዩም» የሚሠራው ባዶው ቦታ ከወራሹ በስተቀኝ ተጣብቆ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ርስቱ በሙሉ ለሲ ሆኗል። ዲ ያን ሁሉ ጊዜ ጎን ለጎን ኖረው፣ ሟችንም በስማቸው ከልለው፣ ባዶው ቦታ በግራቸው ስለዋለ ብቻ አንዲት ሜጋባይት አልደረሳቸውም። ፍርደ ገምድል ነው፤ ግን ይግባኝ የለውም። ሟች ከሲ በስተግራ፣ ከዲስኩ መግቢያ ላይ ቢሆኑማ ኖሮ ሲም አይወርሳቸውም ነበር።

ከሟች ቤተሰብ በሕይወት ያሉት 100 ሜጋባይቷ ኢኤፍአይና 16 ሜጋባይቷ ኤምኤስአር ናቸው። እጁ ከሞቀ አይቀር እነሱንም ላጽዳ የሚል ለቀስተኛ ካለ እጁን ይሰብስብ፤ ኢኤፍአይ ከሌለች ማሽኑ አይነሳም።

በመጨረሻ አንድ ማስታወቂያ አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ያንን ፍላሽ እስካሁን አልመለሰም። የቅሬው ኃላፊዎች ድንኳኑን እንዳያስነሱ በትሕትና እናሳስባለን።