ከኮርኒስ በላይ

አዲስ አበባ ውስጥ የግቢ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው የኮርኒሱን ድምፅ ያውቀዋል። ቀን ቀን ጭጭ ነው። መብራት ጠፍቶ ሰው ጎኑን ሲያሳርፍ ግን ከበሩ አናት ተነሥቶ እስከ ጓዳው የሚዘልቅ ሩጫ ይጀመራል። ከዚያ ፋታ። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር እየተንከባለለ ይመለሳል። ባለቤቴ ለውዝ ነው ትላለች። እኛ ቤት ለውዝ ተገዝቶ አያውቅም።

በግቢያችን ስሟን ጮክ ብሎ መጥራት ክልክል ነው። ሕጉን ያወጡት ከእኛ ቀጥለው የሚኖሩት እማማ ናቸው። “ትሰማለች፤ ሰምታም ዝም አትልም፤ ልብስ ትቆርጣለች” ይላሉ። መርዝ ሊገዙ ሱቅ ሲሄዱ እንኳ “የዚያችን ነገር ስጠኝ” ነው የሚሉት። ባለሱቁ ለምዶታል፤ ዋጋውን በጣቱ ያሳያቸዋል። እኔ መጀመሪያ ሳቅሁ። ብዙም ሳይቆይ የባለቤቴ የክት ነጠላ፣ ያውም ጥለቱ ብቻ ተመርጦ ተበልቶ ተገኘ። እማማን ላሳምን ሞከርኩ፦ የፊት ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ማደጉን አያቆምም፣ ስለዚህ ያገኘችውን ሁሉ ትከረትፋለች፤ ጨርቁንም ለጎጆዋ ምንጣፍ ትፈልገዋለች፤ ቂም የሚባል ነገር የለም አልኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና “ታዲያ ለምን ጥለቱን ብቻ?” አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም “እሷ” ነው የምላት።

ነጠላው ይቅር። ለበዓል የመጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከድፎ ዳቦው ቆርሶ፣ ጠጋ አድርጎ አይቶ፣ “ጥቁር አዝሙድ ጨምራችሁበታል፤ ጎበዞች!” ብሎ ሲያመሰግን ባለቤቴ ወደ እኔ ያየችውን አስተያየት ዛሬም አልረሳሁትም። ጥቁር አዝሙድ አልጨመርንም። ዳቦው “በስህተት” መሬት ወደቀ፤ እንግዳው ቆሎ ቀረበለት።

ወጥመዱ ብዙ የሚወራለት ነገር የለውም። ልጃችን ፊልም ላይ ያየችውን ይዛ አይብ አድርጉበት አለች፤ አደረግን፤ ጉንዳን መጣ። አይጥ ከአይብ ይልቅ እህልና ጣፋጭ ነው የሚያጓጓት። ደግሞም መሐል ወለል ላይ አትንሸራሸርም፤ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሮጠው። መሐል ወለል ላይ የተጠመደ ወጥመድ የሚይዘው በሌሊት ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው ነው።

ድመትም ተዋስን። ከሉካንዳ ሳንባ እየተገዛላት ያደገች ናት። ላይ ቤት ሩጫው ሲጀመር አንድ ጆሮዋን አቀናች፣ እኛን ተራ በተራ አየችን፣ ተጠቅልላ ተኛች። ሲነጋ ቁርስ ጠየቀች።

ቀረ መርዙ። መርዙ ደግሞ ጋሼን አመጣብን። ጋሼ በወዲያኛው ጫፍ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ልባቸው ላይ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ከተገጠመላቸው ወዲህ በየቀኑ ዋርፋሪን ይውጣሉ። ስለ መርዙ ስናወራ፣ ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 ገበያ የወጣው አይጥ ሊገደልበት እንደነበር፣ ለሰው የተፈቀደውም በ1954 እንደሆነ ነገርኳቸው። “እኔን የሚያኖረኝ እሷን ይገድላል?” አሉና ኪሳቸውን ዳበሱ። በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም ልባቸውን ሲታመሙ ይኸው መድኃኒት እንደታዘዘላቸው ስጨምርላቸው ትንሽ ተጽናኑ። ዛሬ የሚሸጡት ብዙዎቹ የአይጥ መርዞችም የዚያው ቤተሰብ ናቸው፤ ብርታታቸው ግን ይለያል። ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ፤ ወዲያው ስለማይገድሉም የበላችው በቀናት ልዩነት ስትሞት የቀሩት ምግቡን አይጠረጥሩትም።

ጋሼ ግን መምህር አይደሉ? “ሐኪሜ ጎመን በድንገት እንዳላበዛ አስጠንቅቆኛል፤ ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል ይሰብራል። እሷ ጎመን ትበላለች?” ብለው ጠየቁ። ባለቤቴና እኔ ተያየን። ባለፈው ጾም ክዳኑ ተንሸራቶ ያደረውን የጎመን ድስት አስታወስን።

መርዙ በሠራ ጊዜም ጣጣው ሌላ ነው። ቤቶቻችን በአንድ ቆርቆሮ ሥር የተደረደሩ ናቸው። ግድግዳ የሚለያየን እስከ ኮርኒሱ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ካንዱ ጫፍ እስከ ሌላው አጥርም በርም የለም። ኮርኒሱም የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ ኖራ የተቀባ ነው። አንዱ ቤት ዘመቻ ሲከፍት ጎረቤቱ ስደተኛ ይቀበላል። እማማ ሰላምታዬን በግማሽ አፍ መመለስ ሲጀምሩ ነገሩ ገባኝ። “እናንተ ናችሁ የነዳችሁብኝ” አሉ በመጨረሻ።

ስለዚህ ቡና ተፈልቶ ስብሰባ ተጠራ። ቦታው፣ እማማ አጥብቀው ባሳሰቡት መሠረት፣ ኮርኒስ በሌለበት በግቢው መሐል ሆነ። ጋሼ ሰበሰቡን። በአንድ ሌሊት ሁሉም ቤት መርዝ ሊያደርግ፣ ቀዳዳውም ሁሉ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ታጭቆ በሲሚንቶ ሊመረግ ተወሰነ። እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ለትንሿ የቤት አይጥ በቂ በር ነው፤ እርግዝናዋም 3 ሳምንት ገደማ ስለሆነ ዛሬ ነገ ማለት አያዋጣም። መዋጮው ተሰበሰበ። ያልተነገረለት አንድ ክፍል ብቻ ቀረ፤ የአከራያችን ዕቃ ቤት።

ተነሥተን አየነው። ከተቆለፈው በር ሥር ሰርገኛ ጤፍ በቀጭኑ ፈስሷል። በላዩ ላይ ጥቃቅን ኮቴ ታትሞበታል፤ ጥቂቱ ወደ እማማ ቤት፣ አብዛኛው ወደ እኛ። እማማ አጎንብሰው ተመለከቱና ተረቱ፤ ሲተርቱም ስሟን ዘለሉት፦ “… በበላ ዳዋ ተመታ።”

አከራያችን ተጠሩ። ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ቡናቸውን ተቀበሉ።

“እትዬ፣ ዕቃ ቤቱን ቢከፍቱልን እኛው እናጸዳልዎታለን” አሉ ጋሼ።

“እነሱ እኮ ከእናንተ በፊት የገቡ ናቸው።”

“እሺ፣ ጤፉን ቢሸጡትስ?”

“እሸጠዋለሁ። ትንሽ ወደድ ይበል ብዬ ነው።”

ጤፍ በኩንታል ከ10 ሺህ ብር ካለፈ ቆይቷል። ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። “ከዚህ በላይ?”

“አምናም እንዲሁ ብላችሁኝ ነበር” አሉ እትዬ፣ ቁልፉን መቀነታቸው ላይ እየቋጠሩ።