ሳልስበሪን ተሳልመን

በ2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በእንግሊዟ ሳልስበሪ ከተማ ውስጥ አንድ የቀድሞ ሰላይን በመርዝ ለመግደል ሞክረዋል ተብለው የተጠረጠሩ ሁለት ሩሲያውያን በቴሌቪዥን ቀርበው፣ የሄድነው 123 ሜትር የሚረዝመውን የከተማዋን ካቴድራል ሾጣጣ ጉልላት ለማየት ነው ብለው ነበር። እንግሊዝ ሳቀባቸው። እኔም አክስቴን ይዤ ከሄድኩ በኋላ የባሰ ሳቅኩ። እውነተኛ ተሳላሚ ሜትር አይቆጥርማ! አክስቴ አንጋጠው አይተው፣ «መስቀሉን ወጥቶ የሰቀለው ማነው? ነፍሱን ይማር» ብቻ ነው ያሉት።

በሩ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቃኑን ተሳልመው፣ ጫማቸውን አወለቁ። ትኬት ቆራጯ ግራ ገባት።

«ለመሳለም ይከፈላል እንዴ?»

«ላሊበላም እኮ ፈረንጅ ይከፍላል፤ እዚህ ፈረንጆቹ እኛ ነን» አልኳቸው።

የድንጋዩ ወለል በሐምሌም በረዶ ነው። ጫማዎን ያድርጉ ብላቸው በጄ አላሉም።

የካቴድራሉ መሠረት የተጣለው በ1220 ሲሆን፣ ዋናው ሕንጻ በ38 ዓመት አልቋል። ማማውና ጉልላቱ ኋላ የተደረቡ ናቸው፤ 6,500 ቶን ያህል ይመዝናሉ። መሠረቱ ግን ከ1.2 ሜትር ብዙም አይጠልቅም። ክብደቱ ያጎበጣቸው ምሰሶዎች በዓይን ይታያሉ። አስጎብኚው ይህን ሲነግሩን አክስቴ ከምሰሶው ራቅ አሉ። በ1668 አርክቴክቱ ክሪስቶፈር ሬን መርምሮት ጉልላቱ መዝመሙን አረጋግጧል።

«ታዲያ ምን አቆመው?»

አስጎብኚው ስለ ብረት ማሰሪያው ማብራራት ጀመሩ። አክስቴ አልጠበቋቸውም፤ «ጸሎት ነዋ!»

በ1386 የተሠራ ነው የሚባለው ሰዓት ፊት የለውም፤ ሥራው ደወል መደወል ነበር። አክስቴ ወደዱት። ፊት ከሌለው ከእኛም ከእነሱም አቆጣጠር ጋር አይጣላም።

ማግና ካርታ የተባለው ሰነድ ዘንድ ስንደርስ ግን ነገሩ ከረረ። በ1215 ከተጻፉት ቅጂዎች ዛሬ የቀሩት አራት ብቻ ናቸው፤ አንዱ እዚህ ነው። ንጉሥም ከሕግ በታች ነው የሚለው ሐሳብ ከዚያ ይመዘዛል። አክስቴ መስታወቱ ላይ ተደፍተው፣ «የበግ ብራና ነው» አሉ፤ ልክ ናቸው። ቀጥለውም፣ «ማኅተሙስ?»

ጠፍቷል።

«ማኅተም የሌለውን ወረቀት የእኛ ቀበሌ አይቀበልም። ነጭ ወረቀት ነው ይልሃል።»

ተርጉምልኝ አሉኝ። አልተረጎምኩም።

ውጪ ሰፊ መስክ አለ፤ ሰው ተጋድሞ ሳንድዊች ይገምጣል፣ ያውም ዓርብ። አክስቴ ሊቀመጡ ሲሉ፣ ሜዳው የመቃብር ቦታ እንደነበረ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጄምስ ዋያት የሚባል አርክቴክት ሐውልቶቹን አንስቶ እንዳስተካከለው ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው እኔም አላውቅ! ምሳችንን ባቡር ውስጥ በላን።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። አክስት ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወፍራም ካልሲ ግን እንዳትረሱ።