ሰማይ ያየው ፒክ አፕ

ከአሜሪካ የመጣው ሣጥን ወልድያ ላይ ሲከፈት ውስጡ ያለው ነገር ለማንም ግልጽ አልነበረም። ሁለት ረጃጅም የብረት ዘንጎች፣ ሁለት ሰንሰለቶች፣ አንድ የሚያብረቀርቅ የብረት ኳስ፣ አንድ ከረጢት ሙሉ ቡሎን። ጎረቤቱ ዘንጎቹን አንሥቶ ክብደታቸውን ከሞከረ በኋላ «የስፖርት ዕቃ ነው» ብሎ ፈረደ። ከተማዋ በ2009 ዓ.ም. የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲን ስታዲየም ካስመረቀች ወዲህ በዚያ ሰፈር ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ሁሉ ወደ ስፖርት ይጠጋል። ባለቤትየው ግን መልሱን ያውቅ ነበር። ቨርጂኒያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ በስልክ «ክብደት አከፋፋይ መጎተቻ ነው፤ ሳትገጥመው እንዳትነሣ» ብሎታል። ሰውየው «እሺ» አለና ሣጥኑን መልሶ ዘግቶ ፒክ አፑ ላይ ጫነው።

ጉዞው ከወልድያ መርሳ ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰውየው ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ብርቱካንና ማንጎ የተተከለበት ማሳ አለው። ማሳው ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃው ፓምፕ ይፈልጋል፤ ፓምፑ የሚቀመጥበት መደብ ደግሞ ሲሚንቶ ይፈልጋል። ስለዚህ ወልድያ በተበየደች ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ላይ የናፍጣ ፓምፑ፣ 12 ከረጢት ሲሚንቶና አንድ እስር የብረት ቱቦ ተጫነ። ከነራሷ 1,500 ኪሎ ገደማ ትሆናለች። ጭነቱን የመራው ረዳቱ ነው፤ መርሑም «ክብደት ለሞተር በቀረበ ቁጥር መጎተት ይቀላል» የሚል ነበር። ሲሚንቶው በሙሉ ወደ ተጎታቿ አንገት ተደረደረ፤ ፓምፑም እዚያው ተጠጋ። ከኋላ የቀረው የቱቦዎቹ ጫፍና አንዲት ዶሮ ነው። ዶሮዋ የማን እንደሆነች እስከ ጉዞው ፍጻሜ አልታወቀም።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ባለቤትየው፣ ሹፌሩና ረዳቱ ተነሡ። ቻይናዎች የሠሩትን የወረታ መንገድ ለጎንደር ተጓዦች ትተው በዋናው አስፋልት ወደ ደሴ አቅጣጫ ወረዱ። ወረዱ የተባለው በትክክል ነው፤ ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ስሪንቃ 1,850፣ መርሳ 1,600 ገደማ። ቁልቁል ደግሞ ተጎታች ለሚጎትት ሹፌር ጥሩ ዜና አይደለም።

ሹፌሩ መጀመሪያ ያስተዋለው መንገዱ እንደማይታየው ነው። ባሕር ዛፎቹ ግን እስከ ጫፋቸው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ከፊት የመጣ የከባድ መኪና ሹፌር መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገ፤ ደገመ፤ በመጨረሻም ጎን ለጎን ሲደርሱ መስኮቱን አውርዶ ጮኸ።

«አንተ! መብራትህን ዝቅ አርገው!»

«ዝቅ ነው!»

«ታዲያ ከፍ ሲል የት ሊደርስ ነው?»

የሆነው ይህ ነው። የተጎታቿ አንገት የፒክ አፑን ጭራ ወደ ታች ሲጫን የኋላው ጎማ መደገፊያ ይሆናል፤ ጭራው በወረደ መጠን አፍንጫው ይነሣል። የኋላው ባሌስትራ ተጫጭኖ ይቀመጣል፣ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ። መሪው የሚታዘዘው በፊት ጎማዎች ነው፤ የፍሬኑም ትልቁ ጉልበት እዚያው ነው። ሹፌሩ ኩርባው ላይ መሪውን ሲያዞር ፒክ አፑ ጥቂት አስቦ፣ አመንትቶ ነበር የሚዞረው። ባለቤትየው ይህን ባያውቅም በሁለት እጁ በሩን ጨብጦ ነበር።

ስሪንቃ ሲደርሱ ነጋ። ስሪንቃ በግብርና ምርምር ማዕከሏ ትታወቃለች፤ እዚያ አንድ የማሽላ ዝርያ ለገበሬ ከመድረሱ በፊት ዓመታት ይሞከራል፣ ይለካል፣ ይመዘናል። መንገድ ዳር ቆመው ሦስቱ ያካሄዱት ምርምር ግን ሩብ ሰዓት አልፈጀም። «ከፊት ከከበደ ወደ ኋላ ይሂድ» አለ ባለቤትየው፤ ሐሳቡም ያለ ተቃውሞ ጸደቀ። 12ቱም ከረጢት ተግዞ ከተጎታቿ ጎማ ኋላ ተደረደረ። ዶሮዋ ወደ ፊት ተዛወረች። የፒክ አፑ አፍንጫ ወረደ፤ ሁሉም ተደሰተ። ረዳቱ ይህን ከመጀመሪያውም ሊናገር እንደነበር ገለጸ።

ደስታው እስከሚቀጥለው ቁልቁለት ቆየ። ፍጥነት ሲጨምር ተጎታቿ በመጀመሪያ ትንሽ ወደ ግራ አለች፤ ቀጥሎ ትንሽ ወደ ቀኝ። ከዚያ ትንሽ መባሉ ቀረ። ሹፌሩ ፍሬን ረገጠ፤ ባሰባት፤ ፍሬን የሌላት ተጎታች ፍሬን የያዘውን ፒክ አፕ ከኋላ እየገፋች ጭራውን ልታዞረው ትታገላለች። ረዳቱ «ስጠው! ነዳጅ ስጠው!» ይላል፤ ባለቤትየው «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ይላል። ከሦስቱ ምክሮች ጉዳት ያልነበረው የመጨረሻው ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን እግርን ከነዳጅ ላይ ቀስ አድርጎ ማንሣት፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ የመኪናውን ፍሬን በኃይል አለመርገጥ ነው። ተጎታቿ የራሷ ፍሬን ካላት የእርሷን ብቻ መያዝ ይቻላል፤ ይህቺኛዋ ግን አልነበራትም። ያዳናቸው የመንገዱ ሜዳ መሆን ነው። የቀረውን መንገድ በእግረኛ ፍጥነት ተጓዙ፤ ሁለት ባጃጅና አንድ ጋሪ ቀደሟቸው።

መርሳ ላይ ብርቱካንና ማንጎ ከሚሸጥበት መንገድ ዳር ሲቆሙ ሰው ተሰበሰበ። መርሳ ውስጥ ኮፈን የከፈተ መኪና ብቻውን አይቆምም። ከተሰበሰበው መሐል አንድ ሽበታም ሰውዬ ነበሩ፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ ከአሰብ በሚሌና በባቲ አድርገው ኮምቦልቻ ሲያመላልሱ የኖሩ የተሳቢ ሹፌር። ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢዋ ይዘው ስንት ዳገት የወጡ ናቸው። ተጎታቿን አንድ ጊዜ ዞሯት፤ ከዚያ ፒክ አፑ ላይ ያለውን ሣጥን ጠቆሙ።

«እዚያ ውስጥ ምንድን ነው?»

«መጎተቻ ነው፣ አባባ።»

«የምትጎትቱበትን ጭናችሁ ነው የምትጎትቱት?»

ሕዝቡ ሳቀ። ሹፌሩ ራሱን ለመከላከል «አንቱስ ተሳቢ ሲጎትቱ ይህን ሁሉ ብረት ይገጥሙ ነበር?» አላቸው። ጥያቄው ሞኝ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌው ጣታቸውን ወደ ጎማዎቹ አቀኑ። የእርሳቸው ተሳቢ ከፊትም ከኋላም የራሱ ጎማ አለው፤ ክብደቱን ራሱ ይሸከማል፤ ዋናውን መኪና የሚነካው ለመጎተት ብቻ ነው። በሰሚ ትሬለር ደግሞ የፊቱ ክብደት በቀጥታ የጎታቹ የኋላ አክስል ላይ ያርፋል፤ ጎታቹም ለዚያ የተሠራ ነው። ይህቺ ባለ ሁለት ጎማ ግን መሐሏ ላይ ቆማ አንገቷን የፒክ አፑ ጭራ ጫፍ ላይ ትጥላለች፤ ከአክስሉ ኋላ አንድ ሜትር በላይ ርቃ። «አህያ ጭነቷ አንገቷ ላይ ከሄደ ትደፋለች፣ ጭራዋ ላይ ከሄደ ትንጋለላለች። እናንተ በአንድ ጠዋት ሁለቱንም አሳያችኋት» አሉ።

ከዚያ ሚዛን አዘዙ። በአቅራቢያው ያለ እህል ነጋዴ ማሽላ የሚመዝንበትን ሚዛን እያጉረመረመ አወጣ፤ የተጎታቿ አንገት ማቆሚያ ሚዛኑ ላይ ቆመ። 38 ኪሎ። «ዋጋዋ በኪሎ ስንት ነው?» ያለም አልጠፋ። ደንቡ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው አንገቷ ላይ እንዲያርፍ ነው፤ ለ1,500 ኪሎ ከ150 እስከ 225 መሆኑ ነው። ከዚያ ሲያንስ ትወዛወዛለች፣ ሲበልጥ መኪናውን ታስቀምጠዋለች። ሲሚንቶው ለሦስተኛ ጊዜ ተነሣ። ረዳቱ በዚያ ቀን የተሸከመውን ከረጢት ቢደምረው አንድ መለስተኛ ግንብ ያስነሣ ነበር። በመጨረሻ ከባዱ ሁሉ ከጎማው በላይና ጥቂት ወደ ፊት ሆኖ ሲመዘን 190 ወጣ። ነጋዴው ሚዛኑን ወሰደ።

አሁን ሣጥኑ ተከፈተ። የአገጣጠም ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሕዝቡ መሐል ተጠርታ አነበበች። እርሷ ባልገባት ቦታ ቨርጂኒያ ተደወለ። መርሳ ላይ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው፤ ቨርጂኒያ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ወንድምየው «ምን ሆናችሁ?» ብሎ በድንጋጤ አነሣ። «ደህና ነን፤ ሰንሰለቱ በየት በኩል ነው?» ሲባል ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዝምታው በኋላ መጀመሪያ የጠየቀው «ወልድያ ናችሁ አይደል?» የሚል ነበር። ማንም አልመለሰለትም።

በያጁ በበኩሉ መሣሪያውን አዘጋጅቶ ቆሟል። ሰንሰለት ማንጠልጠያዎቹን ከተጎታቿ አንገት ጋር ይበይዳቸዋል፣ ዘንጎቹንም አብሮ። ሽማግሌው ከለከሉት። ዘንጎቹ በእሳት ተጠንክረው የተሠሩ የሞላ ብረት ናቸው፤ ብየዳ ጥንካሬያቸውን ይሰብራል። ማንጠልጠያዎቹም በቡሎን ተጠብቀው የሚያዙ ናቸው። በያጁ ተከፋ፤ ለማስተዛዘኛ ከፊል የላላ ፓራውልት ተሰጠው።

አገጣጠሙ በራሱ ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። መኪናውና ተጎታቿ ሜዳ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ኳሱና ኳሱን የሚይዘው ብረት ላይ የታተመው መጠን አንድ መሆኑ ይታያል፤ እዚህ ሁለቱም 2 ኢንች ናቸው። መጎተቻው የሚሰካው ፓራውልት ላይ ሳይሆን ከሻሲው ጋር በታሰረ መቀበያ ላይ ነው። ከዚያ የልኬቱ ሥራ ይመጣል። ተጎታቿ ሳትያያዝ ከመሬት እስከ ፊት ፓራፋንጎ ጠርዝ ሲለካ 90 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ተያይዛ፣ ዘንጎቹ ሳይወጠሩ፣ 94። ወረቀቱ ቢያንስ የተነሣው ግማሹ እንዲመለስ ይላል፤ ስለዚህ 92 ወይም ከዚያ በታች መውረድ አለበት። ዘንጎቹ ከኳሱ ሥር ይሰኩና ጫፋቸው በሰንሰለት ወደ ተጎታቿ አንገት ይሳባል። ሲወጠሩ የፒክ አፑን ጭራ ወደ ላይ ያነሣሉ፤ ከአንገቷ ክብደት ከፊሉ ወደ ፊት ጎማዎች፣ ከፊሉ ወደ ተጎታቿ ጎማዎች ይሄዳል። ሰንሰለቱ በአንድ ቀለበት ሲያጥር ውጥረቱ ይጨምራል።

ረዳቱ ዘንጉን በጉልበቱ ሊወጥር ሲንበረከክ ተማሪዋ ጮኸች። ወረቀቱ ላይ በጥቁር ሣጥን የተከበበው ማስጠንቀቂያ ይህ ነበር፤ የተወጠረ ዘንግ ካመለጠ ጥርስ ያረግፋል። መጀመሪያ አንገቷንና የፒክ አፑን ጭራ አንድ ላይ በክሪክ ማንሣት፣ ዘንጉ ሲላላ ሰንሰለቱን ማያያዝ፣ ከዚያ ክሪኩን ማውረድ ነው፤ ፊትንም ከዘንጉ መስመር ማራቅ። እንዲያ ተደረገ። ሜትሩ 92 አለ። የደኅንነት ሰንሰለቶቹ ከአንገቷ ሥር ተመሳቅለው ታሰሩ፤ መያዣው ድንገት ቢለቅ አንገቷ አስፋልቱን ሳትነካ እላያቸው ላይ እንድታርፍ። የኋላ መብራቷ ተሞከረ፤ ግራው አልበራም፤ ይህ ግን የቆየ ጉዳይ ስለሆነ ማንንም አላስደነቀም። ሽማግሌው ሳይበራ አትሄዱም ብለው አምፖሉን አስቀየሩ።

ባለቤትየው በውጤቱ ተደስቶ «ታዲያ አሁን አምስት ኩንታል ብንጨምርባትስ?» አለ። ሽማግሌው በዚህ ላይ መሐረብ አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። ዘንጎቹ ክብደት ያከፋፍላሉ እንጂ አይቀንሱም። ፒክ አፑ እንዲጎትት የተፈቀደለት ዘንግ ከመገጠሙ በፊትም ከተገጠመም በኋላ ያው ነው፤ ፍሬን ያልነበራት ተጎታችም ፍሬን አላበቀለችም።

ከመርሳ እስከ ማሳው ያለው መንገድ ጠጠር ነው፤ መጨረሻው ላይ ደረቅ ወንዝ ያቋርጣል። ወረቀቱ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ጎድጓዳ ከመግባት በፊት ዘንጎቹ እንዲፈቱ ያዝዛል፤ የፒክ አፑ አፍንጫ ለመውጣት ሲነሣ ተጎታቿ ገና ቁልቁል እየወረደች ሳለች ዘንጎቹ ከአቅም በላይ ይጎብጣሉና። ወንዙ አፋፍ ላይ ቆመው ፈቱ፣ በዝግታ ተሻገሩ፣ መልሰው ገጠሙ። ማሳው ላይ ወደ ኋላ ማስገባቱ ረዳቱን ወደ ክብሩ መለሰው። «ና… ና… ና… ግራ… የኔን ግራ አይደለም… ና… በቃ!» ተጎታቿ ካንድ የብርቱካን ዛፍ በቀር ምንም አልነካችም። ፓምፑ በማግስቱ በመደቡ ላይ ተቀምጦ ውሃ ሰጠ። ዶሮዋን የማሳው ጠባቂ ወሰዳት።

ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች የምትበይዱ የወልድያ፣ የመርሳና የውርጌሳ ጋራዦች፦ ሥራችሁ ጠንካራ ነው፤ የተበየደው ሁሉ ይህን ጉዞ ችሎታል። አንገቷ ላይ ሁለት ቁጥር በቀለም ጻፉልን፤ ተጎታቿ የምትችለውን ጠቅላላ ክብደትና አንገቷ ላይ ማረፍ ያለበትን። የእህል ነጋዴውም ሚዛኑን በሰላም ለማሽላ ይጠቀምበት።