ከማንም፣ ለማንም፣ ስንትም

በልደታ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአንድ የማጭበርበር ክስ ምስክር ቀረበ እንበል። ገንዘብ ሲተላለፍ አይተዋል? «አዎን።» ከማን? «ከሰው።» ለማን? «ለሰው።» ስንት? «ቁጥር ነው።» ምስክሩ አልዋሸም፤ ምንም ነገር ግን አልመሰከረም። የሚገርመው፣ ይህ ሰው ከችሎት ቢባረር ፕሮግራመሮች ዘንድ ሥራ አያጣም።

በጃቫ የሚሠሩና ሞኪቶን የሚጠቀሙ ሰዎች ቴስት ሲጽፉ እውነተኛውን ባንክ አይነኩም፤ ሞክ የሚባል አስመሳይ ያቆሙና በመጨረሻ «ትራንስፈር ተጠርቷል ወይ?» ብለው በቬሪፋይ ይጠይቁታል። የልደታ ኮንዶሚኒየም ኪራይ የሚያስከፍል ፕሮግራም እንውሰድ። ትራንስፈር የከፋዩን ሂሳብ፣ የተቀባዩን ሂሳብና የብሩን መጠን ይቀበላል። ጸሐፊው ሦስቱን ኤኒስትሪንግ፣ ኤኒስትሪንግ፣ ኤኒኢንት (ማንኛውም ጽሑፍ፣ ማንኛውም ጽሑፍ፣ ማንኛውም ቁጥር) ብሎ ካለፋቸው፣ ሁለቱ ሂሳቦች ቢገለባበጡም ቴስቱ አረንጓዴ ያበራል፤ አከራዩ በየወሩ ለተከራዩ ይከፍላል ማለት ነው። ይህን ስህተት አመልክቶ የሚያስተካክል ተከራይ ከተገኘ ሐውልት ይገባዋል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለገዛ ምስክር ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መልሱን የሚጠቁም መሪ ጥያቄ ማቅረብን ይከለክላል፤ ቬሪፋይ ላይ ግን እንዲህ ያለ ከልካይ የለም። እንዲያውም ለስንፍናው ሞኪቶ ራሱ ድርሻ አለው፤ ከሦስቱ አንዱን እንደ ኤኒስትሪንግ ባለ ማቸር ከተኩ ሌሎቹም ማቸር ካልሆኑ ብሎ ያምጻል። መውጫው ትክክለኛውን ዋጋ «ኢኪው» ውስጥ ማስገባት ነበር፤ አምሽቶ የደከመ ሰው ግን የቀሩትንም ኤኒ አድርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«ሁሉን በትክክል ካልን ቴስቱ ኮዱን በነካነው ቁጥር ይወድቃል» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። በዘፈቀደ የሚወጣን የደረሰኝ ቁጥር ማንም አስቀድሞ አያውቅም፤ እዚያ ኤኒ ተገቢ ነው። ነገር ግን የማይታወቀውን መተው ሌላ፣ ክሱ የቆመበትን ፍሬ ነገር መተው ሌላ። በከፊል ለሚታወቀው አርግዛት አለ፤ ካፕተር ደግሞ የተላለፈውን ይዞ ለመስቀለኛ ጥያቄ ያቀርበዋል። ይበልጥ የሚያስቀው፣ ነገሩ «ኔቨር» (ፈጽሞ አልተጠራም) ላይ ሲደርስ መገልበጡ ነው። አስቀድሞ ከከፈለ ሰው ኪራይ ዳግም እንዳይቆረጥ ስናረጋግጥ፣ «8,000 ብር አልወሰደም» የሚለው ጥብቅ መሳይ ቃል ልፍስፍስ ይሆናል፤ 7,999 ቢወስድም ያልፋላ! እዚህ «ከማንም፣ ለማንም፣ ምንም» የሚለው ነው የሚበረታው። እሱም ቢሆን ቀዳዳ አያጣም፦ ከሞኪቶ 2 ወዲህ ኤኒስትሪንግ ነልን፣ ማለትም ባዶ ዋጋን፣ አይቆጥርም፤ ሂሳቡ ነል ሆኖ ገንዘብ ቢወጣ «አላየሁም» ብሎ ይምላል። እንዲህ ላለው ጉዳይ የሚታመነው፣ ዓይነት የማይመርጠው ተራው ኤኒ ነው።